ከአጭር ተረት ረዥም የሣቅ ጨዋታ ያወጡት ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት

ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን በዓል በሚያከብርበት በዚህ መጽሔት ስለ ታላላቅ ሰዎች መጻፍ የተለመደ ነው። ስለ ጦር ጀግኖች ብዙ ተጽፏል። እኛ ግን ሕዝብን እያሣቁ ለማስተማር ብዕራቸውን ስላነሡ አንድ ኢትዮጵያዊ ለመጻፍ መረጥን፤ እኚህም ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው።

በአታትና በአካባቢዋ ሽማግሌዎች ማታ ማታ ከምድጃው ዳር ተቀምጠው የጅብንና የጦጣን ተረት ያወራሉ። ተረቱ ቡናው ሳይፈላ ያልቃል፤ ሣቁም አብሮት ያልቃል። እንዲህ ያለውን አጭር ተረት አሳድጎ ሕዝብ ተቀምጦ የሚያየው ረዥም ጨዋታ ማድረግ እንዴት ይቻላል? በአገራችን ይህን በቴአትር መድረክ ላይ አስቀድመው የሞከሩት እኚህ ሰው ናቸው።

ተክለ ሐዋርያት በ1876 ዓ.ም. በሸዋ በሰያ ደብር ተወለዱ። ገና ልጅ ሳሉ ወደ ሐረር ሄደው በራስ መኰንን ቤት አደጉ። በ1888 ዓ.ም. የአድዋ ጦርነት በተደረገ ጊዜ ዕድሜያቸው 12 ዓመት ያህል ነበር፤ ሆኖም ከራስ መኰንን ሠራዊት ጋር ዘምተው ያን ታላቅ ድል በዓይናቸው አዩ። ከድሉ በኋላ ሌዎንቲየፍ የተባለው የሩሲያ ሰው ይዟቸው ወደ አገሩ ሄደ። በዚያም በአንድ መኮንን ቤተ ሰብ መካከል አድገው፥ በፒተርስቡርግ በሚካኤሎቭ የመድፈኛ ትምህርት ቤት ተማሩ። ወደ አገራቸው የተመለሱት ከ10 ዓመት በላይ በባዕድ አገር ከቆዩ በኋላ ነው።

በአውሮፓ ሳሉ ቴአትር ምን እንደ ሆነ አይተው ነበር። በአዲስ አበባ ግን ቴአትር ተብሎ በተጠሩበት ቦታ ዘፈንና ጭፈራ ብቻ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ሌሎችን በመንቀፍ ብቻ አልተወሰኑም፤ ራሳቸው ጽፈው ለማሳየት ቈረጡ። የጻፉትም ጨዋታ “ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮሜዲያ” ይባላል። በአማርኛ ከተጻፉት የቴአትር ጨዋታዎች የመጀመሪያው ይህ ነው። ፋቡላ በላቲን ቋንቋ ተረት ማለት ነው።

መሠረቱን የወሰዱት በ17ኛው መቶ ዓመት ከነበረው ከፈረንሳዊው ባለቅኔ ከላ ፎንቴን ተረቶች ነው። ላ ፎንቴንም ቢሆን ብዙዎቹን ያገኘው በጥንቱ ግሪካዊ በኤዞፕ ስም ከሚጠሩት ተረቶች ነው፤ በሩሲያም ክሪሎቭ የተባለው ደራሲ እንዲሁ ለአገሩ ሕዝብ በገዛ ቋንቋው ጽፏል። እንግዲህ ተረት ከአገር ወደ አገር የሚዞር እንግዳ ነው፤ የገባበትን ቤት ልብስ ይለብሳል። ተክለ ሐዋርያትም ለአውሬዎቹ የአማርኛ አንደበት ሰጧቸው፤ በእነርሱም አፍ የዘመኑን የአስተዳደር ጉድለትና የኋላ ቀርነትን ነገር ተናገሩ።

አጭሩን ወደ ረዥም የመለወጥ ሥራ ከባድ መሆኑን ለመረዳት ከላ ፎንቴን ተረቶች አንዱን እንመልከት። አንዲት እንቁራሪት በሬን አይታ እንደ እርሱ ለመተለቅ ተነፋች፤ ደግማም ተነፋች፤ በመጨረሻ ፈነዳች። ተረቱ ከ15 ስንኝ አይበልጥም። ይህን ለማስረዘም የሚሻ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሌላ ቀልድ ይጨምርበታል፤ ዝንጀሮ ይገባና ይወድቃል፤ አህያ ይገባና ያናፋል፤ ተመልካች ይሥቃል፤ እንቁራሪቷ ግን ተረስታ ትቀራለች። እንዲህ ያለው ጽሑፍ ይረዝማል እንጂ አያድግም።

ለእኛ የሚሻል መስሎ የታየን መንገድ ይህ ነው። ጸሐፊው አስቀድሞ ፍጻሜውን ይወቅ፤ ወዴት እንደሚሄድ ያላወቀ መንገደኛ ይደክማል እንጂ አይደርስም። ቀጥሎ የባለ ታሪኩን ጉድለት አንድ ያድርግ፤ የእንቁራሪቷ ጉድለት ትዕቢት ነው። ከዚያ በኋላ ይህ ትዕቢት ከማን ከማን ጋር እንደሚጋጭ በየተራ ይጻፍ። በመጀመሪያው ክፍል ጎረቤቶቿ ያሞግሷታል፤ ከሙገሳው የሚያገኙት ጥቅም አለና። በሁለተኛው ክፍል ተነፍታ ስለ ሰፋች በቤቷ በር መግባት ያቅታታል፤ በሩ ይፍረስ ብላም ታዛለች። በሦስተኛው እውነቱን የምትነግራትን ልጇን ታባርራለች። በአራተኛው በሬው ራሱ ውሃ ሊጠጣ ይመጣል፤ እርሷን ግን ልብ ብሎ እንኳ አያያትም። በዚህ ጊዜ መፈንዳቷ ያሥቃል፤ ያሳዝናልም። ለዚህ ፍጻሜ የማይረዳ ቀልድ ቢኖር፥ የቱንም ያህል የሚያሥቅ ቢሆን መሰረዝ አለበት።

አጭር ተረት ሲረዝም ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ከምድጃው ዳር የተነገረው ተረት፥ የሚነካው ሰው ራሱን ሳያውቅ ያልፋል። በመድረክ ላይ ሲቀርብ ግን ተመልካቹ ተቀምጦ፥ ይህ ተኩላ ማንን ይመስላል ብሎ ለማሰብ ጊዜ ያገኛል። የተክለ ሐዋርያት ጨዋታ የደረሰበት ዕጣ ይህ ነበር። በአዲስ አበባ በቴራስ ሆቴል መኳንንት ባሉበት ታየ። አውሬዎቹ የሚናገሩት ስለ አውሬዎች ብቻ እንዳልሆነ ግን ታወቀ፤ ከ1909 እስከ 1922 ዓ.ም. በነገሡት በንግሥት ዘውዲቱ ዘመንም ጨዋታው ታገደ። የአማርኛ ቴአትር ገና እንደ ተወለደ አፉ ተዘጋ። ከ1923 ዓ.ም. የዘውድ በዓል ወዲህ ግን ዮፍታሔ ንጉሤና መላኩ በጎሰው የቴአትር ጨዋታ እየጻፉ ያን የተቋረጠ መንገድ ቀጠሉ።

ተክለ ሐዋርያት ጨዋታቸው ስለ ታገደ ከአገራቸው ሥራ አልራቁም። የጨርጨር ገዥ በሆኑ ጊዜ፥ ዛሬ ጭሮ የምትባለውን የአሰበ ተፈሪን ከተማ ቈረቈሩ። በ1923 ዓ.ም. የወጣውን የኢትዮጵያን የመጀመሪያ ሕገ መንግሥት ያረቀቁ እርሳቸው ናቸው፤ በገንዘብ ሚኒስትርነትም አገልግለዋል። የፋሺስት ኢጣልያ ወረራ በመጣ ጊዜ በጄኔቭ በዓለም መንግሥታት ማኅበር ፊት ስለ አገራቸው ተከራከሩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት በስደት ኖሩ፤ ከስደታቸውም ብዙውን ያሳለፉት በማዳጋስካር ነው። ወደ አገራቸው ተመልሰው በሐረርጌ በሂርና በእርሻ ሥራ ተሠማሩ፤ በ1969 ዓ.ም. አረፉ። የሕይወታቸውን ታሪክ ራሳቸው ጽፈውት ኖሮ፥ በ1999 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ታትሞ ለንባብ በቃ። ልጃቸው ግርማቸው ተክለ ሐዋርያትም “አርአያ” የተባለው ልብ ወለድ ደራሲ ናቸው።

ሕገ መንግሥት ያረቀቀ እጅ የእንስሳትን ተረት መጻፉ ለአንዳንድ ሰው ሊያስገርመው ይችላል። ለእኛ ግን ሁለቱ ሥራዎች የተራራቁ አይመስሉንም። ሕጉ ገዥው የሚሄድበትን መንገድ ያመለክታል፤ ጨዋታው ከመንገድ የወጣውን በሣቅ ይመልሳል። ስለዚህ እኛ ተማሪዎች ቀልድ ስንጽፍ የሰውን ስም ወይም መልክ ሳይሆን ጉድለትን እንንካ፤ የምንነካውንም ጉድለት እስከ መጨረሻው እንከተለው። በየቤታችን አያቶቻችን የሚያወሩት አጫጭር ተረት ሞልቷል። ወላጆቻችን ያውሩልን፤ መምህራኖቻችን ይምሩን፤ እኛም እንጻፈው።