አስናቀች ወርቁ፦ ተዋናይቱና ክራሯ



በዘንድሮው መጽሔታችን ስለ አንዲት የመድረክ ሰው ለመጻፍ ስንነሳ፣ ዕድርን ከቴአትር ጋር ምን አገናኘው የሚል አባል እንደማይጠፋ እናውቃለን። መልሳችን አጭር ነው። ዕድር የሰው ክብር ጉዳይ ነው፤ የአስናቀች ወርቁም ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከክብር ጋር ሙግት ነበር። በዕድሜዋ አንቱ የምትባል እናት ብትሆንም፣ አገሩ ሁሉ አስናቀች፣ የቅርቦቿም አስኒ እያሉ ስለ ለመዷት እኛም በዚያው እንቀጥላለን፤ ድፍረት እንዳይሆንብን።

የተወለደችው በ1927 ዓ.ም. አካባቢ እዚሁ አዲስ አበባ፣ ስድስት ኪሎ ነው። የኛ የየካና የእንጦጦ ሰው ስድስት ኪሎን በእግሩ ያውቀዋል። ከተራራው ላይ የባህር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው፣ ወገባቸው ጎብጦ የሚወርዱት እናቶቻችን በሽሮ ሜዳ አድርገው የሚደርሱበት ሰፈር ነው። ጠላት አገራችንን ሲወር አስናቀች ገና ሕፃን ነበረች። እናቷንም በልጅነቷ አጥታ በሰው እጅ አደገች። እናት የሌላት ልጅ በዚያን ጊዜ አዲስ አበባ ቶሎ ነው አዋቂ የምትሆነው፤ ይኸን ለእናንተ መንገር አያስፈልገንም።

ክራር መምታት የተማረችው ከመምህር ሳይሆን ከራሷ ነው። ይህ ነገር ዛሬ ቢነገር ያስመሰግናል። ያን ጊዜ ግን ሌላ ነበር። አበው በገና የዳዊት ነው፣ ክራር ግን የሰይጣን ነው ሲሉ እየሰማን አድገናል። በገና በጾም ወቅት በጨዋ ቤት ይደረደራል፤ ክራር ደግሞ የመጠጥ ቤት፣ የሴተኛ አዳሪ ቤት ዕቃ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ያው እንጨትና ጅማት፣ ያው ትዝታና ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ፣ ነገር ግን የሚይዘው እጅ የሴት ከሆነ ስሙ ይጠፋል። አዝማሪ የሚለው ቃል እኮ የሙያ ስም መሆኑ ቀርቶ ስድብ ሆኖ የኖረ ነው። አስናቀች ይህን ሁሉ እያወቀች ክራሯን አንስታለች።

መድረኩም ቢሆን ከክራሩ የተሻለ ስም አልነበረውም። የአገራችን የመጀመሪያ ቴአትር የሚባለው ራሱ ቀልድ ነበር፤ ተክለሐዋርያት ተክለማርያም ከእንስሳት ተረት ያዘጋጁት ሲሆን፣ በአራዊት አስመስሎ ሹማምንትን ይነካል ተብሎ ብዙ ሳይቆይ ታገደ። ከዚያም በኋላ ቴአትር በየትምህርት ቤቱና በሀገር ፍቅር ማኅበር ሲስፋፋ፣ ሴት ሆነው የሚጫወቱት ወንዶች ነበሩ። ሻሽ አስሮ፣ ቀሚስ ለብሶ፣ ድምፁን አቅጥኖ የሚወጣው ጎረምሳ ነው። ተመልካቹ በዚህ ይስቅ ነበር፤ ቁም ነገሩ የሐዘን ትዕይንት ቢሆንም እንኳ ይስቃል። ጨዋ ቤተሰብ ሴት ልጁን ለመድረክ አልሰጥም ስላለ የመጣ መላ ነው እንጂ ጥበብ ሆኖ አይደለም።

ታዲያ ይህን ልማድ ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ አስናቀች ናት። በ1940ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ፣ ገና የሃያ ዓመት ዕድሜ እንኳ ሳይሞላት፣ በማዘጋጃ ቤቱ የቴአትር ክፍል መድረክ ላይ ወጣች። ሴት በሴትነቷ ስትጫወት ማየት ለብዙው ሰው ድንቅ ነበር። የሚያጨበጭብላት የዚያኑ ያህል የሚያማት ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም። በአዳራሽ ያጨበጨበላት ሰውዬ ቤቱ ሲገባ ልጁን እንደ እሷ እንዳትሆኚ ብሎ ይገሥጻል። የኛም አባቶች ከዚህ ነፃ አልነበሩም።

በ1948 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል 25ኛ ዓመት ሲከበር፣ ጣሊያኖች ለሲኒማ ብለው የጀመሩት ሕንፃ ተጠናቆ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ተባለ። ዛሬ ብሔራዊ ቴአትር የምንለው ነው። የተመረቀው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው በጻፉት ዳዊትና ኦርዮን በሚለው ቴአትር ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ የኪነት ሰዎች ወደዚያ ተዛወሩ። የአስናቀችም የሥራ ዘመን ከዚያ ቤት ጋር አብሮ አረጀ።

በዚያ ዘመን ተዋናይ ተዋናይ ብቻ አልነበረም። ያው ሰው ዛሬ በታሪካዊ ቴአትር ልዕልት ይሆናል፣ ነገ በቀልድ ጨዋታ ያሥቃል፣ ከዚያ ደግሞ ይዘፍናል፣ ያወዛውዛል። የዩኒቨርሲቲው የቴአትር ትምህርት ክፍል የተከፈተው ከአብዮቱ በኋላ ስለሆነ ትምህርቱ መድረኩ ራሱ ነው። የሚገርመው ግን፣ ንጉሡ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥታቸውን ለትምህርት ሰጥተው ዩኒቨርሲቲው የተቋቋመው እሷ በተወለደችበት በስድስት ኪሎ መሆኑ ነው። እሷ ግን የተማረችው እዚያ ሳይሆን በተመልካች ፊት ነው።

እንደ እኛ አስተያየት የአስናቀች ትልቁ ሀብት ድምፅዋ አይደለም። ከእሷ የሚያምር ድምፅ ያላቸው ነበሩ። የእሷ ሀብት ለዛዋ ነው። ክራሯን በጭኗ ላይ አድርጋ፣ ቅንድቧን ትንሽ ከፍ አድርጋ፣ ግጥሙን እንደ ወሬ ታወርደዋለች። ላይ ላዩን ሲሰማ የፍቅር ልመና ነው፤ ወርቁን የፈታ ግን አጠገቡ የተቀመጠውን ወንድ ሰርቆ እያየ መሣቅ ይጀምራል። የተነካውም ሰው ሳይገባው አብሮ ይሥቃል። ሰምና ወርቅ ከቤተ ክህነት ወጥቶ በሴት አፍ እንዲህ ሲጫወት ማየት ቀላል ነገር አልነበረም። የአሽሙር መሣሪያ ወንዶች በእሷ ላይ ሲመዙት የኖሩት ነው፤ እሷ ደግሞ እጀታውን ይዛ ወደ እነሱ አዞረችው። እንዲያው ለማሣቅ ብቻ የሚቀልድና መልስ ለመስጠት የሚቀልድ ይለያያሉ። እሷ ከሁለተኛዎቹ ናት።

ቴሌቪዥን ወደ አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። መሣሪያው ያለው ቤት በጣት የሚቆጠር ስለነበር፣ ሰው የሚያየው ከጎረቤት ወይም ከቡና ቤት ቆሞ ነበር። አስናቀችም በዚያ መስኮት ታየች። መድረክ ላይ ለኋለኛው ወንበር ተብሎ የሚጎላው አኳኋን በካሜራ ፊት ይበዛል፤ የእሷ ዓይነት በቅንድብና በከንፈር ጥግ የሚሠራ ቀልድ ግን ለቅርብ ዕይታ የተፈጠረ ይመስላል። ባለ ቀለም ሥርጭት እስከ 1977 ዓ.ም. ድረስ ስላልነበረ፣ በዕድሜ የገፋን ሰዎች ያን ጊዜ ያየናትን አስናቀችን የምናስታውሳት በጥቁርና ነጭ ነው።

ከ1966 ዓ.ም. በኋላ ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። ሰዓት እላፊ ታወጀና የአዲስ አበባ ሌሊት ተዘጋ። የመጠጥ ቤቱ ክራር ዝም አለ፤ ቴአትር ቤቱ ግን በመንግሥት ደመወዝ ቀጠለ። አስናቀችም ጡረታ እስክትወጣ ድረስ እዚያው ሠራች። ስለዚህ ዘመን ብዙ አንልም፤ ሁላችንም የኖርንበት ነው።

ጡረታ ከወጣች በኋላ ዓመታት በዝምታ አለፉ። ጤናዋም እየደከመ ሄደ። እዚህ የተረሳችው ሴት ግን በውጭ አገር ተፈለገች። ኢትዮፒክስ በሚል ስም የአገራችንን የድሮ ሙዚቃ በተከታታይ የሚያሳትመው ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ፣ 16ኛውን ቅጽ ሙሉ በሙሉ ለእሷ ሰጠው። በፈረንጅ 2003 ወጣ። ሰይጣን ያወጣው ነው ሲባል የኖረው ክራር በፓሪስ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እኛ የጎረቤቶቿ ልጆች ከፈረንጅ በኋላ ማወቃችን ትንሽ ያሳፍራል፤ ግን እንዲህ ያለው ነገር በአስናቀች አልተጀመረም።

አስናቀች ያረፈችው በመስከረም 2004 ዓ.ም.፣ አዲሱ ዓመት በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ እንጦጦ ላይ አደይ አበባ ፈክቶ ባለበት ወቅት ነው። ሰባ ስድስት ዓመት ገደማ ሆኗት ነበር። በልጅነቷ ሰው ስሟን በሹክሹክታ ያነሣው የነበረች ሴት፣ ስትሞት ግን ዜናዋ በሬዲዮና በቴሌቪዥን ተነግሮላታል። ራሄል ሳሙኤል ስለ ሕይወቷ የሠራችው አስኒ የተባለው ፊልም ከሁለት ዓመት በኋላ ወጥቶ በየአገሩ ታይቷል።

ከአባሎቻችን መካከል አስናቀችን በማዘጋጃ ቤት ወይም በቀድሞው ኃይለ ሥላሴ ቴአትር በመድረክ ላይ ያያችሁ፣ የመግቢያ ቲኬትም ሆነ ፎቶግራፍ በሣጥናችሁ ያስቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ለሚመጣው ዓመት እትም ለጸሐፊው ብታቀብሉን በደስታ እንቀበላለን፤ ፎቶግራፉም ተገልብጦ ለባለቤቱ ይመለሳል።