ማሪ ኩሪና የዩራኒየም ድንጋይ

እህቶቻችን፣ ባለፈው ስብሰባችን ላይ ስለ መብራት አውርተን ነበር። ቱሉ ዲምቱ ላይ እንጀራ ጋግረን የምንሸጥ አባላት መብራት ሲጠፋ የሚደርስብንን እናውቀዋለን፤ ሊጡ ይኮመጥጣል፣ ደንበኛ ይሄዳል፣ ከሰል ይወደዳል። አገራችን በመስከረም 2018 ዓ.ም. ከሩሲያ ጋር የኒውክሌር ኃይል ማመንጫ ለመገንባት የሥራ ዕቅድ መፈራረሟን የሰማች አባላችን፣ ነዳጁ ዩራኒየም የሚባል ከድንጋይ የሚወጣ ነገር ከሆነ አያልቅም ወይ ብላ ጠየቀችን። መልሱን ስንፈልግ የአንዲት ሴት ሕይወት አገኘን።

ማሪ ኩሪ እ.ኤ.አ. በ1867 በፖላንድ ዋርሶ ተወለደች። ያኔ የከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ከታላቅ እህቷ ከብሮኒያ ጋር እንደ ዕቁብ ተራ ገቡ። ማሪ በሰው ቤት ልጆች እያስተማረች ፓሪስ ሕክምና ለምትማረው እህቷ ገንዘብ ላከች። ከዚያ ተራው የእሷ ሆነና እ.ኤ.አ. በ1891 ፓሪስ ገባች።

ዩራኒየም ያለበትን ማዕድን ስትመረምር፣ ከዩራኒየሙ የበለጠ ጨረር የሚሰጥ ነገር በውስጡ እንዳለ ደረሰችበት። እ.ኤ.አ. በ1898 ከባሏ ከፒየር ጋር ፖሎኒየምና ራዲየም ብለው ስም አወጡ። አውጥቶ ለማሳየት ግን ብዙ ማዕድን ያስፈልግ ነበር፤ ማዕድኑም ውድ ነው። ስለዚህ ዩራኒየሙ ለመስታወት ማቅለሚያ ተወስዶ የተጣለውን ዝቃጭ ዛሬ ቼክ ከምትባለው አገር አስመጡ። ጣሪያው በሚያፈስ አሮጌ ቤት ውስጥ ማሪ ቁመቷን በሚያህል ብረት የሚፈላውን ታማስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902፣ ከዚያ ሁሉ ልፋት በኋላ፣ በእጇ የገባው የራዲየም ጨው የአንድ ግራም አንድ አሥረኛ ያህል ነበር።

ማሪና ፒየር የማውጣቱን ዘዴ የግላቸው አድርገው አላስመዘገቡም። ራዲየም ሲወደድ፣ ሁለት የኖቤል ሽልማት ያገኘችው ማሪ ለምርምሯ መግዛት አቃታት። እ.ኤ.አ. በ1921 የአሜሪካ ሴቶች አዋጥተው 100,000 ዶላር ሰበሰቡና አንድ ግራም ገዙላት። እሷም ስጦታው የግሏ ሳይሆን የቤተ ሙከራው እንዲሆን ሰነዱን አስለወጠች። ለዓመታት የነካችው ጨረር ግን ደሟን ጎድቷት እ.ኤ.አ. በ1934 አረፈች።

ወደ አባላችን ጥያቄ እንመለስ። ዩራኒየም በምድር ውስጥ ብዙ ነው፤ ግን ተበታትኖ ነው ያለው። ከወጣም በኋላ፣ በአብዛኞቹ ማመንጫዎች ውስጥ ተሰንጥቆ ኃይል የሚሰጠው ዓይነት ከ1,000 እጅ 7 ያህሉ ብቻ ነው። ባለሙያዎች የታወቀው ክምችት በዛሬው አጠቃቀም ከ100 ዓመት በላይ እንደሚበቃ ይገምታሉ። ማመንጫ ሲበዛ ግን ዓመቱ ያጥራል፤ ጥሩው ማዕድን ሲያልቅም ትንሽ ዩራኒየም ለማግኘት ብዙ ድንጋይ መፍጨት ይመጣል፣ ዋጋውም ይጨምራል።

ስለዚህ ማመንጫ ይሠራል ሲባል ደስ ይበለን፣ ግን እንጠይቅ፦ ነዳጁ ከየት ይመጣል? በስንት? የሚቆፍሩትን ሰዎች ጤና ማን ይጠብቃል? ማሪን ያስቸገራት የድንጋዩ ማለቅ ሳይሆን ወጪውና ልፋቱ ነበር። እኛም ከምጣዳችን አጠገብ ቆመን እናውቀዋለን፤ ነዳጅ አለ ማለትና ቤታችን ደረሰ ማለት አንድ አይደለም።