መኪና ሳይነዳ ነጂዎችን ያስተማረው ሰው

ዋና የማያውቅ ሰው ዋናተኛን፥ ፈረስ ያልጋለበ ሰው ፈረሰኛን ያስተምራል ቢባል፥ ሰሚው ሁሉ ነገሩን ከቀልድ ይቈጥረዋል። ይሁን እንጂ በየከተማው አደባባይ የሚዞሩት መኪናዎች የሚመሩበትን ሥርዓት ካወጡት ሰዎች በግንባር ቀደምትነት ስሙ የሚነሣው አሜሪካዊ ዊልያም ፌልፕስ ኢኖ፥ ሰማንያ ሰባት ዓመት በኖረበት ዘመኑ ሁሉ መኪና መንዳትን ሳይማር ነው ያረፈው። በዛሬው እሑድ የዚህን ሰው ታሪክ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ የወደድነው፥ ነገሩ አስደናቂ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። ወደ አደባባይ የሚቃረብ ነጂ ሁሉ የትኛውን ረድፍ ልያዝ ብሎ ራሱን ሲጠይቅ፥ ሳያውቀው የሚጠይቀው ይህ ሰው ዕድሜውን የሰጠለትን ጥያቄ ስለ ሆነ ነው።

ኢኖ የተወለደው በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሰኔ 3 ቀን 1858 ዓ.ም. በኒውዮርክ ከተማ ነው። (ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በዚሁ አቈጣጠር ናቸው።) አባቱ አሞስ ኢኖ በመሬትና በሕንፃ ንግድ የከበረ፥ በዚያን ዘመን ስሙ የገነነውን የፊፍዝ አቬኑ ሆቴልን ያሠራ ባለጸጋ ነበር። ስለዚህም ልጁ ችግር የሚባለውን ነገር ሳያውቅ አደገ። የሕይወቱን አቅጣጫ የወሰነው ግን ትምህርት ወይም ሀብት ሳይሆን፥ በመንገድ ላይ ያየው አንድ ተራ ነገር ነው።

በ1867 ዓ.ም.፥ ዕድሜው ገና ዘጠኝ ዓመት ሳለ፥ ከእናቱ ጋራ በሠረገላ ሲሄድ መንገዱ ተዘጋባቸው። ሠረገላዎቹ አፍ ለአፍ ገጥመው ወደፊትም ወደኋላም የሚል ጠፋ። ልጁን ያስገረመው የሠረገላዎቹ ብዛት አልነበረም፤ ማነሳቸው ነበር እንጂ። መንገዱን ለመዝጋት ዐሥራ ሁለት ያህል ሠረገላዎች በቂ ሁነው ተገኙ። ባለ ሠረገላዎቹም ሆኑ ፖሊሶቹ ምን ማድረግ እንደሚገባቸው አላወቁም። መንገዱ ሰፊ ነበር፤ ፈረሶቹም ጤነኞች ነበሩ፤ የጐደለው ማን ይቅደም፥ ማን በየት ይሂድ የሚለው ስምምነት ብቻ ነበር። ይህ ትዝታ ከልጅነት እስከ እርጅና ከኢኖ አእምሮ አልወጣም።

ካደገ በኋላ በየል ዩኒቨርሲቲ ተምሮ በአባቱ የንግድ ቤት ሥራ ያዘ። አባቱ በ1898 ዓ.ም. ሲሞት ለኑሮው የሚያሳስበው ነገር አልነበረምና፥ ጊዜውንና ገንዘቡን ለመንገድ ሥርዓት ሰጠ። በ1900 ዓ.ም. የከተማው የመንገድ እንቅስቃሴ በአስቸኳይ መታረም እንደሚገባው የሚያስረዳ ጽሑፍ አሳተመ። በዚያን ጊዜ መኪና በመንገድ ላይ እጅግ ጥቂት ነበር። ጋሪውም ሠረገላውም ደስ ባለው በኩል ይሄዳል፤ ድንጋይ የጫነው ቀርፋፋ ጋሪ መካከሉን ይይዝና ከኋላው ያለውን ሁሉ ያስቆማል፤ መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲደረስ ደግሞ የሚያልፈው ተራ የደረሰው ሳይሆን ድፍረት ያለው ነበር።

ከሦስት ዓመት በኋላ፥ በ1903 ዓ.ም.፥ የኒውዮርክ ከተማ ኢኖ ያሰናዳውን የመንዳት ደንብ ተቀበለ። እሱም ደንቡን በራሱ ገንዘብ እያሳተመ አደለ። ዛሬ ስናየው የደንቡ ቃል ሁሉም ሰው ከጥንት ጀምሮ የሚያውቀው ይመስላል። ቀርፋፋው ተሽከርካሪ በስተቀኝ ወደ መንገዱ ጠርዝ ተጠግቶ ይሂድ፤ ግራውን ለፈጣኑ ይልቀቅ። የሚቆም ወይም የሚታጠፍ ሰው አስቀድሞ በአለንጋው ወይም በእጁ ምልክት ይስጥ። ወደ ግራ የሚታጠፍም መንገዱን በአቋራጭ አይቍረጥ፤ የመስቀለኛውን መካከል ዞሮ ይለፍ። እነሆ በነዚህ ሦስት ሐሳቦች ውስጥ ረድፍን መምረጥ፥ ፍሬቻን ማብራትና አደባባይን መዞር በዘር መልክ ተቀምጠው እናገኛቸዋለን።

ዘሩም ብዙ ሳይቆይ በቀለ። በኒውዮርክ የሴንትራል ፓርክ ማዕዘን ላይ፥ የኮሎምበስ ሐውልት የቆመበት ሰፊ አደባባይ አለ። ብዙ መንገዶች የሚገናኙበት ስለ ሆነ፥ አንዱ ሐውልቱን በቀኝ፥ ሌላው በግራ እያለፈ ይፋጠጡ ነበር። በ1905 ዓ.ም. በኢኖ ሐሳብ መሠረት በዚያ አደባባይ ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲዞር ተደረገ። በ1907 ዓ.ም. ደግሞ በፓሪስ፥ ዐሥራ ሁለት ጎዳናዎች በሚገናኙበት በኤትዋል አደባባይ፥ ኢዤን ኤናር የተባለው የፈረንሳይ አርኪቴክት ያቀረበው ተመሳሳይ ሐሳብ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለቱም ሰዎች የአደባባይ ዙሪት አባቶች ተብለው ይጠራሉ።

ነገር ግን እውነቱን ሳንሸሽግ መናገር ይገባናል፤ የኢኖ ሥራ ምሉዕ አልነበረም። ሁሉም በአንድ አቅጣጫ እንዲዞር ማድረጉ ፊት ለፊት መጋጨትን አስቀረ፤ ከሚገባውና በውስጥ ከሚዞረው ማን ይቅደም ለሚለው ጥያቄ ግን የመጨረሻ መልስ አላስገኘም። በቀኝ በሚነዳበት አገር አዲስ ገቢው የሚመጣው በዞሪው በስተቀኝ ነው። ስለዚህ በስተቀኝ ለሚመጣ ቅድሚያ ስጥ የሚለው የቈየ ደንብ ለገቢው ያደላ ነበር። መኪና እየበዛ ሲሄድ የዚህ ውጤት ታየ። ዞሪው ለገቢው ይቆማል፤ ገቢው ይገባና እሱም ለሌላ ገቢ ይቆማል፤ የቆሙትም መውጫውን ስለሚዘጉት የሚወጣ ሰው አይገኝም። ሕፃኑ ኢኖ በ1867 ዓ.ም. ያየው መዘጋት፥ ፈረሱ በሞተር ተለውጦ፥ እሱ ራሱ ባበጀው አደባባይ ዓይነት ውስጥ ተመልሶ መጣ።

ኢኖ የዚህን መፍትሔ ሳያይ ነው ያረፈው። በ1921 ዓ.ም. የመንገድ እንቅስቃሴን የሚያጠና ድርጅት በስሙ አቋቁሞ ነበር። ፈረስ ወዳድ ነበርና፥ ዘመኑ የመኪና ከሆነም በኋላ መሪውን ለሾፌር ትቶ ከኋላ ይቀመጥ ነበር። ምናልባትም የነጂዎችን ስሕተት አጥርቶ ያየው፥ እሱ ራሱ የመቅደም ፉክክር ውስጥ ስላልነበረ ይሆናል ብለን እናስባለን። በታኅሣሥ 3 ቀን 1945 ዓ.ም. ሞተ። ድርጅቱ ግን ስሙን ይዞ ሥራውን ቀጠለ።

ከሞተ ከ21 ዓመት በኋላ፥ በ1966 ዓ.ም.፥ እንግሊዞች የጐደለውን ሞሉት። ፍራንክ ብላክሞር የተባለው መሐንዲስ በብዙ ከደከመበት ሙከራ በኋላ፥ ወደ አደባባይ የሚገባ ሁሉ በውስጥ ለሚዞረው ቅድሚያ እንዲሰጥ ተደነገገ። ከዚያ ወዲህ አደባባዩ በራሱ የሚዘጋበት ምክንያት ጠፋ፤ ልማዱም ወደ ብዙ አገሮች ተዛመተ። ጥቅሙን ቍጥር ያስረዳል። በአራት አቅጣጫ በሚገናኝ ተራ መስቀለኛ መንገድ ላይ የተሽከርካሪዎች መንገድ እርስ በርሱ የሚነካካበት ቦታ 32 ሲሆን፥ ባለ አንድ ረድፍ አደባባይ ላይ 8 ብቻ ነው። ፍጥነቱም ዝቅተኛ ስለ ሆነ፥ ግጭት ቢደርስ እንኳ ሰው የሚገድለው ከስንት አንዴ ነው። የፓሪሱ ኤትዋል ግን እስከ ዛሬ ለገቢው ቅድሚያ የሚሰጠውን የጥንቱን ልማድ እንደ ያዘ ነው።

አደባባዩ ሁለት ረድፍ ሲሆን የመነካኪያው ቦታ እንደገና ይበዛል፤ ስለዚህም ረድፍን መምረጥ የሕይወት ጉዳይ ይሆናል። በቀኝ በሚነዳበት አገር፥ በአስፋልቱ ላይ የተቀባ ቀስት ሌላ ካላዘዘ በቀር፥ ደንቡ ቀላል ነው። በመጀመሪያው መውጫ ወደ ቀኝ የሚታጠፍ የውጭውን፥ ማለት የቀኙን ረድፍ ይይዛል። ወደ ግራ የሚሄድ ወይም ዞሮ ወደ መጣበት የሚመለስ የውስጡን፥ ማለት የግራውን ረድፍ ይይዛል። ቀጥታ የሚያልፈው እንደ ቀስቱ ምልክት በአንዱ ይሄዳል። ምርጫው የሚደረገው ከመግባት በፊት እንጂ ከገቡ በኋላ አይደለም። መውጫው ያመለጠውም ሰው በሌላው ፊት መሪውን ከመጠምዘዝ አንድ ዙር ቢጨምር ይሻለዋል፤ የሚከስረው ግማሽ ደቂቃ ብቻ ነውና።

እኛም የሚያዝያ 27 የድል ሐውልት የቆመበትን የአራት ኪሎን አደባባይ ስንዞር፥ ከውስጠኛው ረድፍ ተወርውረን በሌላው ፊት ለመውጣት የተቻኰልንበት ቀን እንዳለ አንክድም። ከኋላችን የተሰማው ጡሩምባ ምን ማለቱ እንደ ነበረ የገባን የኢኖን ታሪክ ካነበብን በኋላ ነው። መንገድ ጠበበ፥ መኪና በዛ እያልን እናማርራለን፤ ማማረራችንም ከንቱ አይደለም። ነገር ግን መንገዱን ለመዝጋት የመኪና መዓት አያስፈልግም፤ ወዴት እንደሚሄዱ አስቀድመው ያልወሰኑ ዐሥራ ሁለት ነጂዎች ይበቃሉ። መኪና ነድቶ የማያውቀው ሰው በዘጠኝ ዓመቱ የተረዳው ይህን ነበር።