ማክስ ሹበርት

ማክስ ኤድመንድ ሹበርት (ከየካቲት 2 ቀን 1907 እስከ የካቲት 27 ቀን 1986 ዓ.ም.፤ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ከ1915 እስከ 1994) አውስትራሊያዊ ወይን ጠማቂ ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው ፔንፎልድስ በተባለው ኩባንያ ውስጥ ሲሠራ ግሬንጅ የተሰኘውን ቀይ ወይን ጠጅ በመፍጠሩ ነው። ግሬንጅ ለብዙ ዓመታት በጓዳ ተቀምጦ እንዲሻሻል ታስቦ የተሠራ ወይን ጠጅ ሲሆን፣ አውስትራሊያ በዓለም የወይን ጠጅ ገበያ ያላትን ስም ከለወጡት ሥራዎች አንዱ ሆኗል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው፤ በጠርሙስ ላይ የሚጻፈው የመከር ዓመትም በዚሁ አቆጣጠር ነው።

ልጅነትና የሥራ ጅማሬ

ሹበርት የተወለደው በደቡብ አውስትራሊያ፣ በባሮሳ ሸለቆ ምሥራቃዊ ጫፍ በምትገኝ ሞኩልታ በተባለች ትንሽ መንደር ነው። ባሮሳ ከ1840ዎቹ ጀምሮ ከፕሩሲያ የተሰደዱ ጀርመንኛ ተናጋሪ ሉተራውያን የሰፈሩበት አካባቢ ነው። ሰፋሪዎቹ ከእርሻቸው ጎን ወይን ይተክሉ ስለነበር ሸለቆው ከጊዜ በኋላ የአገሪቱ ዋና የወይን ምድር ሆነ። የሹበርት ቤተሰብም የዚሁ ማኅበረሰብ አካል ነበር።

በ1931 ዓለም በኢኮኖሚ ቀውስ በተመታችበት ወቅት፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ፣ ኑሪዩትፓ በተባለችው ከተማ በሚገኘው የፔንፎልድስ መጥመቂያ በተላላኪነት ተቀጠረ። ብዙም ሳይቆይ ወደ ላብራቶሪው ተጠግቶ ሥራውን ከታች ጀምሮ መማር ያዘ። በኋላም በአደሌድ ከተማ ዳርቻ ወደሚገኘው ወደ ማጊል መጥመቂያ ተዛወረ፤ ማታ ማታም በከተማው ኬሚስትሪ ይማር ነበር።

ማጊል የኩባንያው የትውልድ ስፍራ ነው። እንግሊዛዊው ሐኪም ክሪስቶፈር ሮውሰን ፔንፎልድና ባለቤቱ ሜሪ በ1844 እዚያ ሰፍረው ወይን ተከሉ። የመኖሪያ ቤታቸው ስም ግሬንጅ ይባል ነበር፤ ሹበርት ከመቶ ዓመት በኋላ ለሠራው ወይን ጠጅ ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቤት ነው።

የጦርነት ዓመታት

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር ሹበርት በ1940 በፈቃዱ በአውስትራሊያ ጦር ሠራዊት ውስጥ ገባ። ቅድመ አያቶቹ ከጀርመን ምድር የመጡት ይህ ወጣት በሰሜን አፍሪካ፣ በግሪክና በቀርጤስ ከጀርመን ጦር ጋር በተደረጉት ዘመቻዎች ተሰለፈ። ከዚያም ወደ ኒው ጊኒ ተልኮ በወባ ታመመ። ከጦርነቱ ሲመለስ እንደገና ወደ ፔንፎልድስ ገባ፤ በ1948ም የኩባንያው ዋና ወይን ጠማቂ ሆኖ ተሾመ።

የአውሮፓ ጉዞ

በዚያን ዘመን በአውስትራሊያ በብዛት የሚጠመቀውና የሚጠጣው እንደ ፖርትና ሼሪ ያለ፣ አልኮል ተጨምሮበት የጠነከረ ወይን ጠጅ ነበር። ከምግብ ጋር የሚጠጣው ቀይ ወይን የገበያው ትንሽ ክፍል ሲሆን፣ ለዓመታት የሚቀመጥ ቀይ ወይን ለመሥራት የሚደክም ሰውም ጥቂት ነበር።

በ1950 ኩባንያው ሹበርትን የሼሪ አሠራር እንዲያጠና ወደ ስፔን ላከው። ሹበርት በዚያው ጉዞ ወደ ፈረንሳይ ተሻግሮ የቦርዶን የወይን አገር ጎበኘ። የቦርዶ ወይን ነጋዴ የሆነው ክርስቲያን ክሩዝ ተቀብሎ አስተናገደው፤ ከ40 እስከ 50 ዓመት የቆዩ ቀይ ወይኖችንም አስቀመሰው። ወይኖቹ ከዚያ ሁሉ ዘመን በኋላ መዓዛቸውንና ጣዕማቸውን እንደጠበቁ ማየቱ ሹበርትን እጅግ አስደነቀው። ወደ አገሩ ሲመለስ ቢያንስ 20 ዓመት የሚኖር፣ ግን የቦርዶ ቅጂ ያልሆነ የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ለመሥራት ቆርጦ ነበር።

የ1951 ሙከራ

የመጀመሪያው ችግር የወይኑ ዘር ነበር። የቦርዶ ወይን በዋናነት ከሚሠራባቸው ዝርያዎች አንዱ የሆነው ካበርኔ ሶቪኞን በወቅቱ በደቡብ አውስትራሊያ እንደ ልብ አይገኝም ነበር። ስለዚህ ሹበርት በአካባቢው በብዛት ወደሚበቅለው ወደ ሺራዝ ፊቱን አዞረ። ይህ ዝርያ በፈረንሳይ ሲራ የሚባለው ሲሆን፣ ዛሬ በኢትዮጵያም በዝዋይ አካባቢ ይለማል። ለ1951 ሙከራ የተጠቀመበት ፍሬ ከማጊልና ከአደሌድ በስተደቡብ ከሚገኘው ከሞርፌት ቬል የተለቀመ ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ አጠማመቁ ነው። ቀይ ወይን ቀለሙንና ታኒን የተባለውን ንጥረ ነገር የሚያገኘው ከፍሬው ልጣጭ ነው። ጥንስሱ በሚብላላበት ጊዜ ልጣጩ ወደ ላይ ስለሚንሳፈፍ ሹበርት በሳንቃ ተጭኖ በፈሳሹ ውስጥ እንደ ጠለቀ እንዲቆይ አደረገ። ሙቀቱንም በመቆጣጠር መብላላቱን ወደ 12 ቀን ገደማ አራዘመው። እንዲህ ሲሆን ከልጣጩ የሚወጣው ቀለምና ታኒን ይበዛል።

ሦስተኛው ጉዳይ በርሜሉ ነበር። ሹበርት ጥንስሱ መብላላቱን ሙሉ በሙሉ ሳይጨርስ እያንዳንዳቸው 300 ሊትር ገደማ ወደሚይዙ አምስት አዳዲስ የኦክ በርሜሎች ገለበጠው። ለማነጻጸርም ከዚያው ወይን የተወሰነውን 4,500 ሊትር ገደማ በሚይዝ ትልቅና አሮጌ በርሜል አኖረ። የአዲሶቹ በርሜሎች እንጨት የአሜሪካ ኦክ ነበር። ለመጀመሪያ ጊዜ በአውስትራሊያ ቀይ ወይን ላይ ይህን ያህል የአዲስ እንጨት ጠባይ እንዲያርፍ መደረጉ እንደ ድፍረት የሚቆጠር ነበር። በአዲሶቹ በርሜሎች ውስጥ 18 ወር የቆየው ወይን ከሌላው የበለጠ ጠንካራ፣ ጥቁርና መዓዛው የበዛ ሆኖ ተገኘ።

ለዚህ ሥራ መሠረት የሆነ ሌላ ሰውም ነበር። የፔንፎልድስ ኬሚስት ሬይ ቤክዊዝ ከ1930ዎቹ ጀምሮ የወይን ጠጅን የአሲድነት መጠን (ፒኤች) በመለካትና በመቆጣጠር በባክቴሪያ የሚደርሰውን ብልሽት የሚከላከልበትን መንገድ አግኝቶ ነበር። በጓዳ 20 ዓመት እንዲቆይ የሚፈለግ ወይን ከመጀመሪያው ንጹሕ መሆን ስላለበት፣ የቤክዊዝ ግኝት ለሹበርት ሥራ ትልቅ ድጋፍ ሆኗል።

የ1951 ወይን ለገበያ አልቀረበም፤ የመጀመሪያው ለሽያጭ የወጣው የ1952 ነው።

ውድቅ መደረጉና የተደበቁት ሦስት መከሮች

የየዓመቱ ወይን በማጊል ምድር ቤት ሲከማች በሲድኒ የሚገኙት የኩባንያው ዳይሬክተሮች ገንዘባቸው የት እንደ ደረሰ መጠየቅ ጀመሩ። ሹበርት ከ1951 እስከ 1956 የተሠሩትን ወይኖች ይዞ ወደ ሲድኒ እንዲመጣ ተደረገ፤ የኩባንያው ኃላፊዎችና የታወቁ ቀማሾችም ተጋበዙ። ውጤቱ ለሹበርት አሳፋሪ ነበር። አብዛኞቹ ወይኑን አልወደዱትም። አንዱ ጣፋጭነት የጎደለው ፖርት ነው አለ፤ ሌላው ደግሞ የተጨፈለቀ ጉንዳን ከፍራፍሬ ጋር የተቀላቀለበት አስመሰለው። በአደሌድ የተደረገው ቅምሻም ከዚህ የተሻለ አልነበረም።

ቀማሾቹ ወይኑን የለኩት በለመዱት መስፈርት ነው። ለ20 ዓመት የታሰበ ወይን በአምስት ዓመቱ ሲቀመስ ታኒኑ አፍ ያደርቃል፤ የእንጨቱ ጠባይም ከፍሬው ጋር ገና አልተዋሐደም። ሹበርት ወይኑ እንደሚለወጥ ቢያምንም፣ ይህን የሚመሰክርለት ጊዜ ብቻ ነበር፤ ጊዜው ደግሞ ገና አልደረሰም።

ከ1957 መከር ጥቂት ቀደም ብሎ የግሬንጅ ሥራ እንዲቆም በጽሑፍ ትእዛዝ ደረሰው። ሆኖም በአደሌድ የኩባንያው ኃላፊ የነበረው ጄፍሪ ፔንፎልድ ሃይላንድ በወይኑ ያምን ስለነበር ከሹበርት ጎን ቆመ። በሁለቱ ስምምነት የ1957፣ የ1958 እና የ1959 ግሬንጅ ዋናው መሥሪያ ቤት ሳያውቅ ተጠመቀ። ሲድኒ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ መገኘቷ ምስጢሩን ለመጠበቅ አግዟል። ይሁንና ለአዲስ በርሜል ገንዘብ መጠየቅ ምስጢሩን ማውጣት ስለሚሆን፣ ሹበርት ቀደም ሲል ባገለገሉ በርሜሎች ለመጠቀም ተገደደ፤ መጠኑንም ቀነሰ። ምስጢሩ ቢወጣ ኖሮ ከተላላኪነት ጀምሮ የደረሰበትን ማዕረግ ሊያጣ ይችል ነበር። በአንጻሩ ሥራው ለሦስት ዓመታት ተቋርጦ ቢሆን ኖሮ የወይኑ ተከታታይነት ይበጠስ ነበር።

በእነዚህ ዓመታት የመጀመሪያዎቹ ወይኖች በጠርሙስ ውስጥ እየበሰሉ ሄዱ። እንደገና ሲቀመሱ አስተያየቱ ተለወጠ፤ ከ1960 መከር በፊትም ኩባንያው የግሬንጅ ሥራ በይፋ እንዲቀጥል አዘዘ። ለአዲስ በርሜልም ገንዘብ ተፈቀደ። በዚህ የተነሣ ከ1951 ጀምሮ ግሬንጅ ያልተሠራበት አንድም የመከር ዓመት የለም።

ዕውቅና

በ1962 በሲድኒ በተደረገው የወይን ጠጅ ውድድር የ1955 ግሬንጅ የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ያው የ1955 ወይን በቀጣዮቹ ዓመታት ከ50 በላይ የወርቅ ሜዳልያዎችን ሰብስቧል። በ1979 ጎ ሚዮ የተባለው የፈረንሳይ መጽሔት በፓሪስ ባዘጋጀው ውድድር የ1971 ግሬንጅ በሺራዝ ምድብ ቀዳሚ ሆነ። ሹበርት በዚያው ዓመት በካንቤራ ባቀረበው ንግግር የግሬንጅን አፈጣጠርና የተደበቁትን መከሮች ታሪክ በዝርዝር ተናገረ፤ ስለ ወይኑ ዛሬ የሚታወቀው ብዙው ነገር የመጣው ከዚህ ንግግር ነው።

ሹበርት በ1975 ከዋና ወይን ጠማቂነት ሲለቅ ዶን ዲተር ተተካ። በ1984 የአውስትራሊያ ኒሻን አባል ሆነ። በ1988 ዲካንተር የተባለው የብሪታንያ መጽሔት የዓመቱ ሰው ብሎ መረጠው። በ1994 በ79 ዓመቱ በአደሌድ አረፈ። ዋይን ስፔክቴተር የተባለው የአሜሪካ መጽሔት የ1990 ግሬንጅን የዓመቱ ምርጥ ወይን ብሎ የሰየመው እርሱ ካረፈ በኋላ፣ በ1995 ነው።

ወይኑ እስከ 1989 መከር ድረስ ግሬንጅ ኤርሚታዥ ይባል ነበር። ኤርሚታዥ በፈረንሳይ የሚገኝ ሺራዝ የሚበቅልበት ኮረብታ ስም ስለሆነ፣ ከ1990 መከር ጀምሮ ቃሉ ቀርቶ ግሬንጅ ብቻ ተብሏል። ለገበያ ያልቀረበው የ1951 ወይን አንድ ጠርሙስ በቅርብ ዓመታት በጨረታ ከ100,000 የአውስትራሊያ ዶላር በላይ ተሽጧል።

ወይን ለረጅም ጊዜ በማስቀመጥ ላይ ያለው ተጽዕኖ

የሹበርት ሥራ የአውስትራሊያ ቀይ ወይን ለመቀመጥ የሚገዛ ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል። እርሱ ራሱ በ1960 ቢን 389 የተባለውን የካበርኔና የሺራዝ ቅልቅል ጀመረ። ይህ ወይን የሚያርፈው ቀደም ሲል ግሬንጅ በነበረባቸው በርሜሎች ስለሆነ ሕፃኑ ግሬንጅ የሚል ቅጽል ስም ወጥቶለታል። በ1962 ከኩናዋራ ካበርኔና ከባሮሳ ሺራዝ የሠራው ቢን 60ኤ ደግሞ በአገሪቱ ከተሠሩት ታላላቅ ወይኖች አንዱ ተደርጎ ይቆጠራል።

ለጓዳ የሚሆን ቀይ ወይን ሲመረጥ ዛሬም የሚታዩት ነገሮች ሹበርት የተጨነቀባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ታኒን ነው። ታኒን ስኳር ያልገባበት ወፍራም ሻይ እንደሚያደርገው ምላስን ያደርቃል፤ በዓመታት ውስጥ ግን ቅንጣቶቹ እየተያያዙ ስለሚዘቅጡ ወይኑ ይለሰልሳል። ሁለተኛው አሲድ ነው፤ አሲዱ ያነሰ ወይን ቶሎ ይደክማል። ሦስተኛው የፍሬው ጣዕም ብዛት ነው፤ ታኒኑ እስኪለሰልስ ፍሬው ካለቀ መጠበቁ ትርፍ የለውም። ስለዚህ በለጋነቱ ጠንካራ የሆነ ወይን ሁሉ ይቀመጣል ማለት አይደለም፤ ሦስቱ ሚዛናቸውን መጠበቅ አለባቸው። የመከር ዓመቱም ወሳኝ ነው፤ የዓመቱ ሙቀትና ዝናብ የፍሬውን አሲድና ስኳር ይለዋውጣልና።

አቀማመጡም የምርጫውን ያህል ዋጋ አለው። በቡሽ የታሸገ ጠርሙስ ቡሹ እንዳይደርቅ በጎኑ ይጋደማል። ቦታው ጨለማና ጸጥ ያለ፣ ሙቀቱም ከ12 እስከ 15 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሆኖ ከወቅት ወቅት የማይዋዥቅ ቢሆን ይመረጣል። ሙቀት ወይኑን ያለ ዕድሜው ያስረጀዋል። ቡሽም ዘላለማዊ ስላልሆነ ፔንፎልድስ ከ1991 ጀምሮ ሰዎች 15 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ጠርሙሶች አምጥተው የሚያስመረምሩበትና ቡሽ የሚያስቀይሩበት አገልግሎት ይሰጣል። በምርመራው ወይኑ ጤነኛ ሆኖ ከተገኘ የጎደለው ተሞልቶ እንደገና ይታሸጋል፤ የተበላሸ ከሆነም ለባለቤቱ ይነገረዋል።

በ2001 የደቡብ አውስትራሊያ ብሔራዊ የቅርስ ማኅበር ግሬንጅን የቅርስ ምልክት ብሎ ሰይሞታል። ሹበርት በድብቅ ያጠመቃቸው የ1957፣ የ1958 እና የ1959 ወይኖችም ዛሬ ሙሉውን የግሬንጅ ተከታታይ በሚሰበስቡ ሰዎች ዘንድ ተፈላጊ ናቸው።