አለቃ ገብረ ሐናና የጣና ሞገድ

አለቃ ገብረ ሐና ሲባል ሁላችንም መሳቅ ይቀናናል። በመኝታ ክፍልም ሆነ በሻይ ሰዓት የማናወራው ቀልዳቸው የለም፤ እሳቸው ያላሉትንም እንለጥፍባቸዋለን። ታዲያ እኚህ ሰው በዜማ ሥርዓት ውስጥ የፈጠሩትን ስንቶቻችን እናውቃለን? ይህን ጽሑፍ ለግድግዳ ጋዜጣችን ያዘጋጀነው ለዚሁ ነው።

አለቃ በ1814 ዓ.ም. በፎገራ፣ ናበጋ ጊዮርጊስ እንደተወለዱ ይነገራል። ቅኔ ለመማር ወደኛው አገር ወደ ጎጃም መጡ፤ ኋላም ጎንደር ገብተው ተማሩ፣ አስተማሩ። አንደበታቸው ከሹማምንት ጋር ስላላስማማቸው በጣና ደሴቶች የተቀመጡበት ጊዜም ነበር።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው። ፍኖተ ሰላምም ሆነ ቡሬ በጥምቀት ታቦት ያጀበ ሰው ሥርዓቱን አይቶታል፤ ልብ ላይለው ግን ይችላል። መጀመሪያ ያለ መሣሪያ በቁም ይዜማል። ቀጥሎ ዝማሜው ይመጣል፤ ሊቃውንቱ በመቋሚያ መሬቱን እየመቱ ይወዛወዛሉ። ጸናጽሉና ከበሮው የሚገቡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ቀስ ብሎ ይጀመርና እየፈጠነ ሄዶ በመጨረሻ ጭብጨባ ይታከልበታል። አለቃ በሬማ ደሴት ሳሉ የጣና ሞገድ ከዳር ደርሶ ሲመለስ፣ ሸንበቆውም በነፋስ ዘንበል ቀና ሲል እያዩ አዲሱን የዝማሜ ስልት ከዚያ ቀዱት ይባላል። በኅዳር ከቡሬ ወዲህ ያለውን የጤፍ ማሳ ነፋስ ሲነዳው ያየ ሰው መቼም ነገሩ አይጠፋውም።

ይህ እንግዳ አይምሰለን። በአውሮፓም ቤትሆቨን የገጠሩን ተፈጥሮ የሚያሰማውን ስድስተኛ ሲምፎኒ እ.ኤ.አ. በ1808 በቪየና ሲያቀርብ፣ ነጎድጓዱን የሰጠው ለኦርኬስትራው ከበሮ ለቲምፓኒ ነበር። እዚያ ግን ተፈጥሮው በድምፅ ብቻ ነው የሚሰማው። የኛው ዘማሪውን ራሱን ሞገድ አድርጎታል፤ እኛን ብትጠይቁን ይኼኛው ይበልጥብናል።

የጎንደር ሊቃውንት ግን ስልቱን አልተቀበሉትም። ከአባቶች በወረደው ሥርዓት ላይ ሌላ መጨመሩን አልወደዱትም። አለቃ በክርክር የሚረቱ ሰው እንዳልነበሩ ሁላችንም እናውቃለን፤ ዳሩ ግን ክርክሩን ትተው ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩ። ልጅም ደብረ ታቦር ሄደው አስፋፉት። አባት በጎንደር ያጡትን ተቀባይነት ልጅ እዚያ አገኙ፤ ለዚያውም በመጽሐፍ ሳይሆን ተማሪ አቁሞ፣ መቋሚያ አስይዞ፣ ደጋግሞ በማሳየት ነው።

አለቃ በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሸዋም ኖረዋል፤ ያረፉት በ1898 ዓ.ም. እንደሆነ ይነገራል። ስልቱ በስማቸው አልተጠራም። ዛሬም የሚባለው የተክሌ ዝማሜ ነው፤ ሊማሩት የሚፈልጉም መቋሚያቸውን ይዘው ደብረ ታቦር ኢየሱስ ይሄዳሉ።