በስድስት ሳንቲም መዋጮ የተሠራው ኮሌጅ

ኢኮኖሚክስ የተመረቅኩት «ሦስተኛ ትውልድ» ከሚባሉት ዩኒቨርሲቲዎች በአንዱ ነው። ሥራ ፍለጋ በገባሁበት አንድ ቃለ መጠይቅ ላይ ጠያቂው የዩኒቨርሲቲዬን ስም ሲያይ ፊቱ ቅጭም አለ። ውጤቴን እንኳ ሳያነብ ወደሚቀጥለው ሰው ወረቀት አለፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አንድ ጥያቄ አለቀቀኝም፤ የአንድ ትምህርት ቤት ስም ከየት ነው የሚመጣው? ከዕድሜው? ከሕንጻው? ወይስ ከክፍያው?

መልስ ስፈልግ ያገኘኋት ሴት ከሞተች ከ170 ዓመት በላይ ሆኗታል። ሜሪ ላየን ትባላለች። ዛሬ በአሜሪካ ስመ ጥር ከሆኑት ትንንሽ ሊበራል አርትስ ኮሌጆች አንዱን፣ ማውንት ሆልዮክን የመሠረተችው እሷ ናት። ሊበራል አርትስ ማለት ተማሪውን ለአንድ ሙያ ብቻ ከማሠልጠን ይልቅ ሳይንሱንም፣ ሒሳቡንም፣ ፍልስፍናውንም፣ ሥነ ጽሑፉንም አብሮ የሚያስተምር ማለት ነው።

ሜሪ እ.ኤ.አ. በ1797 ማሳቹሴትስ ውስጥ ባክላንድ በምትባል የገጠር መንደር ከገበሬ ቤተሰብ ተወለደች። አምስት ዓመቷ ላይ አባቷ ሞተ። 13 ዓመት ሲሆናት እናቷ ሌላ አግብታ ሄደች፤ እሷ እርሻው ላይ ከወንድሟ ጋር ቀረች። የቤቱን ሥራ ስለምትሠራለት በሳምንት አንድ ዶላር ይከፍላት ነበር። እሷም ለትምህርቷ አጠራቀመችው።

በ17 ዓመቷ አስተማሪ ሆነች። ደመወዟ ከምግብና ከማደሪያ ጋር በሳምንት 75 ሳንቲም! ወንድሟ ከሚከፍላት እንኳ ያነሰ ነው እኮ። ከዚያ በኋላ ለዓመታት ሕይወቷ እንዲህ ሆነ፤ አንዱን ወቅት ታስተምራለች፣ ባገኘችው ገንዘብ ሌላውን ወቅት ትማራለች። እሷ ወጣት ሳለች ሴት የሚቀበል ኮሌጅ ስላልነበረ ሳይንስ የተማረችው እዚህም እዚያም እየለቀመች ነው። ኤድዋርድ ሂችኮክ የተባለው የሥነ ምድር ሊቅ ቤት ተቀምጣ ሁሉ ተምራለች።

በዚያ ዘመን «ሴሚናሪ» የሚባሉ የሴቶች ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ነበሩ። ችግራቸው ግን ሁለት ነው። አንደኛ፣ ውድ ናቸው። ሁለተኛ፣ በአንድ ሰው ላይ የተንጠለጠሉ ናቸው፤ መሥራቿ ከታመመች ወይም ካገባች ትምህርት ቤቱም አብሮ ሊዘጋ ይችላል። ሜሪ የፈለገችው የማንም የግል ንብረት ያልሆነ፣ በቦርድ የሚመራ፣ የገበሬ ልጅ ልትከፍለው የምትችለው ትምህርት ቤት ነበር።

ገንዘቡስ? ያኔ ቴሌብር የለም፣ ጎፈንድሚ የለም። አረንጓዴ የከፈይ ቦርሳዋን አንግታ በጋሪ ከከተማ ከተማ ዞረች። ሴት ብቻዋን እየዞረች ገንዘብ መለመኗ ነውር ነው ያሉም ነበሩ፤ አልሰማቻቸውም። 90 በሚሆኑ ቦታዎች ከ1,800 ያህል ሰዎች ወደ 27,000 ዶላር ተሰበሰበ። ትልቁ መዋጮ 1,000 ዶላር፣ ትንሹ ደግሞ ስድስት ሳንቲም ነበር።

የእኛ ሙያ ሰዎች እ.ኤ.አ. 1837ን የሚያስታውሱት አሜሪካ ውስጥ ባንኮች በተናጉበትና ኢኮኖሚው በወደቀበት ቀውስ ነው። ማውንት ሆልዮክ ሳውዝ ሃድሊ በምትባል ከተማ የተከፈተው በዚያው ዓመት፣ ኅዳር ወር ላይ ነው። ሕንጻው ገና አላለቀም። ተማሪዎቹ 80 ናቸው። የትምህርቱ፣ የምግቡና የመኝታው ክፍያ አንድ ላይ በዓመት 60 ዶላር ብቻ።

ይሄ ዋጋ እንዴት ወረደ? ተማሪዎቹ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ያጥባሉ፣ ያጸዳሉ። የእኛ «ኮስት ሼሪንግ» ከተመረቅን በኋላ በብር ሲጠየቅ፣ የእነሱ በየቀኑ በጉልበት ይከፈል ነበር ማለት ነው። የአስተማሪዎቹ ደመወዝም ዝቅተኛ ነው፤ ሜሪ ራሷ በዓመት የምትወስደው 200 ዶላር ነበር። ካተሪን ቢቸር የተባለችው የዘመኑ ታዋቂ የትምህርት ሰው ይህን ተቃውማለች። እውነት ለመናገር እኔም ከቢቸር ጋር ነኝ። የትምህርት ቤት ወጪ በመምህር ኪስ ሲሸፈን ምን እንደሚመጣ እኛ አገር በደንብ እናውቀዋለን።

ጥራቱ ላይ ግን ሜሪ ቅናሽ አታውቅም። መግቢያው በፈተና ነው። ለመመረቅ ሰባት የሳይንስና የሒሳብ ትምህርቶች ግዴታ ናቸው። ኬሚስትሪውን እሷ ራሷ ታስተምራለች፤ ሙከራውንም ተማሪዎቹ በእጃቸው ይሠሩታል። ያኔ ለሴት ልጅ ይህ ያልተለመደ ነው።

እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1849፣ የታመመች ተማሪ ስታስታምም ሳይተላለፍባት አልቀረም በሚባል የቆዳ ኢንፌክሽን በ52 ዓመቷ ሞተች። የተቀበረችውም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። የኮሌጅነት ሕጋዊ እውቅና የመጣው ግን እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። ቁጠሩት፤ በሩ ከተከፈተ 51 ዓመት፣ እሷ ከሞተች 39 ዓመት በኋላ።

ወረቀቱ እስኪመጣ ግን ትምህርቱ ቆሞ አልጠበቀም። ገጣሚዋ ኤሚሊ ዲኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1847 እና 48 እዚያ ተምራለች። ኋላም እ.ኤ.አ. በ1902 የተመረቀችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በአሜሪካ ታሪክ የመጀመሪያዋ ሴት ሚኒስትር ሆነች። የ1929 ምሩቋ ቨርጂኒያ አፕጋር ደግሞ ስሟ የእኛም አገር ማዋለጃ ክፍል ድረስ ገብቷል። ሕፃን እንደተወለደ አዋላጆች ትንፋሹን፣ የልብ ምቱን፣ የቆዳውን ቀለም አይተው ከ10 የሚሰጡት «አፕጋር» የሚባለው ነጥብ የእሷ ሥራ ነው። ምናልባት እናንተም የሕይወታችሁን የመጀመሪያ ውጤት ያገኛችሁት በእሷ መለኪያ ይሆናል።

ታናሽ እህቴ ዘንድሮ የዩኒቨርሲቲ ምደባ እየጠበቀች ነው። ስም የሌለው አዲስ ግቢ ይደርሰኛል ብላ እንቅልፍ አጥታለች። ስሙ ምንም ለውጥ አያመጣም ብዬ አልዋሻትም፤ በእኔ ደርሷልና። ግን ከስሙ በፊት እንድታጣራ የነገርኳት ሦስት ነገር አለ፤ ቤተ ሙከራው ይሠራል ወይ፣ መምህሩ ክፍል ይገባል ወይ፣ ፈተናው የእውነት ፈተና ነው ወይ። ሦስቱም ካሉ፣ ስሙን እሷና የክፍል ጓደኞቿ ያወጡለታል።