የአልማዝን ጉድለት የመረመሩት ካትሊን ሎንስዴል

ስለ አልማዝ በተነሣ ቍጥር ብዙው ሰው የሚያስበው ዋጋውንና ብልጭታውን ነው። እኛ ግን ዛሬ ለአንባብያን የምናቀርበው በውስጡ የተሰወረውን ጉድለት በራጅ የመረመሩትን የፕሮፌሰር ካትሊን ሎንስዴልን የሕይወት ታሪክ ነው። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

እኒህ ሴት በ1903 በአየርላንድ፣ ኒውብሪጅ በምትባል ከተማ፣ ለወላጆቻቸው 10ኛና የመጨረሻ ልጅ ሆነው ተወለዱ። በልጅነታቸው ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው ተማሩ። በ1922 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ፈተና አንደኛ ስለ ወጡ ዝነኛው ሊቅ ሰር ዊልያም ብራግ ከተመራማሪዎቻቸው ጋር እንዲሠሩ ጠሯቸው። በ1927 ትዳር ይዘው ሦስት ልጆች ወለዱ፤ ልጆቹ ሕፃናት ሳሉም ስሌታቸውን በቤታቸው ሆነው ይሠሩ ነበር።

ራጅ አጥንትን እንደሚያሳይ ሁላችንም እናውቃለን። በክሪስታል ላይ ሲወድቅ ግን ጨረሩ በሥርዓት ከተሰለፉት አቶሞች እየተበተነ በፎቶግራፍ ፊልም ላይ ነጥቦች ይጥላል፤ ከነጥቦቹም የአቶሞቹ አሰላለፍ ይታወቃል። በአልማዝ ፎቶግራፍ ላይ ከሚጠበቁት ሌላ ደብዘዝ ያሉ ትርፍ ነጥቦች ይታዩ ስለ ነበር፣ ምንጫቸው የአቶሞቹ በሙቀት መንቀጥቀጥ ነው ወይስ የድንጋዩ ጉድለት የሚል ጥያቄ ተነሣ።

በ1941 ሎንስዴል ከሥራ ባልደረባቸው ከስሚዝ ጋር ሁለቱን የአልማዝ ዓይነቶች አስተያዩ። ከትርፎቹ ነጥቦች አንዳንዶቹ በሁለቱም ዓይነት ላይ ተገኙ፤ ሌሎቹ ግን በዓይነት አንድ ላይ ብቻ ታዩ። ሙቀት ሁሉንም አልማዝ ያንቀጠቅጣል፤ አንዱ ኖሮት ሌላው የሌለው ምልክት ግን ከድንጋዩ አሠራር የመጣ መሆን አለበት። የህንዱ ሊቅ ሰር ራማን ስለ ነጥቦቹ ሌላ ትርጓሜ ቢሰጡም ሎንስዴል በማስረጃ ተከራከሩ። በ1959 በዓይነት አንድ አልማዝ ውስጥ ናይትሮጅን መኖሩ በመታወቁ የሁለቱ ዓይነቶች ልዩነት ይበልጥ ተገለጠ።

ለእውነት የነበራቸው ጥብቅነት በላቦራቶሪ ብቻ አልተወሰነም። ጦርነትን በሃይማኖታቸው ይቃወሙ ስለ ነበር በሲቪል መከላከያ ግዴታ መዝገብ ለመመዝገብ እምቢ አሉ። የትንንሽ ልጆች እናት በመሆናቸው ቢመዘገቡ ኖሮ ከግዴታው ነፃ ይሆኑ ነበር። የተፈረደባቸውን 2 ፓውንድ መቀጮም ስላልከፈሉ በ1943 አንድ ወር በሆሎዌይ ወኅኒ ቤት ታሰሩ። በዚያም ሆነው የምርምር ሥራቸውን አላቋረጡም።

በ1945 ወደ እንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ከገቡት ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ሴቶች አንዷ ሆኑ፤ በ1949 በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የፕሮፌሰርነት ማዕረግ አገኙ። በ1967 ከሰማይ በወደቀ ድንጋይ ውስጥ ለተገኘ የአልማዝ ዘመድ ማዕድን ሎንስዴላይት የሚል ስም በክብራቸው ተሰጠው። በ1971 ዐረፉ።

እንግዲህ ተማሪውም ሆነ በመሥሪያ ቤት ያለው ወጣት ከእኒህ ሴት የሚማረው፣ የማይመች ምልክት ሲያጋጥም ሳይሸፍኑ ምንጩን መጠየቅን፣ ያገኙትንም እውነት ዋጋ ቢያስከፍል አለመካድን ነው።